የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ከፍሳሹ 90 በመቶው ተጣርቷል» ሲባል ከየትኛው ፍሳሽ?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከጅማና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው። ፍሳሽ ምን ያህል እንደተጣራ እንዴት ይለካል? አንዱ ቦታ ከሌላው ጋርስ በምን ይነጻጸራል? ሁሉም የሚያጠነጥኑት በዚህ ላይ ነው። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኪቶ ፉርዲሳ የምኖር የውሃ ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ አገሮችን በፍሳሽ ማጣራት ሳወዳድር አንዱ ሰንጠረዥ ለአንድ አገር 90 በመቶ ይሰጠዋል፤ ሌላው ለዚያው አገር 20 እንኳ አይሞላለትም። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው የክፍልፋዩ ታህት ነው። ለምሳሌ ያህል 200,000 ሰው የሚኖርበት፣ አንድ ሰው በቀን 60 ሊትር ውሃ የሚጠቀምበት ከተማ እናስብ። ከውሃው 80 በመቶው ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል ብለን ብንይዝ (በብዙ ቦታ የሚሠራበት ግምት ነው) ከተማው በቀን 9,600 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ያመነጫል። ከፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኘው የሕዝቡ ሩብ ብቻ ስለሆነ ወደ መስመሩ የሚገባው 2,400 ነው። ቱቦ ይሰነጠቃል፣ ማንሆል ሞልቶ ይፈስሳል፣ መብራት ሲጠፋ ፓምፕ ይቆማል፤ ስለዚህ ማጣሪያው ጋ የሚደርሰው 2,000 ሆነ እንበል። ከዚያ ውስጥ ደረጃውን አሟልቶ የሚወጣው 1,800 ነው።

የጣቢያው ኃላፊ 1,800ን ለ2,000 አካፍሎ 90 በመቶ ይላል። የፍሳሽ መስመሩን የሚያስተዳድረው ክፍል ለ2,400 ያካፍልና 75 ይላል። ወንዙን የሚጠብቅ ሰው ግን ለ9,600 ነው የሚያካፍለው፤ እሱ የሚያገኘው 19 በመቶ ነው። ውሃው አንድ፣ ቀኑም አንድ፣ ቁጥሩ ግን ሦስት። አገሮችን ሲያወዳድሩ ከሦስቱ አንዱን ይምረጡና ለሁሉም አገር ያንኑ ይጠቀሙ። የእኛ ምክር መጨረሻውን፣ ማለትም የመነጨውን ፍሳሽ በሙሉ ታህት የሚያደርገውን ነው፤ ወንዝ ውስጥ የሚገባውን የሚያሳየው እሱ ብቻ ነውና።

የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ ቢሮ ዩሮስታትና የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ለብዙ ዘመን የቆጠሩት ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ ማጣሪያ ካለው ጣቢያ ጋር የተገናኘውን የሕዝብ ድርሻ ነው። «ሁለተኛ ደረጃ» ማለት ባክቴሪያ የሚሠራበት ማጣሪያ ማለት ነው፤ የመሣሪያውን ዓይነት እንጂ ሥራውን አይናገርም። የአየር መንፊያው ከተበላሸ ወራት ያለፉት ጣቢያም እዚያ ዓምድ ውስጥ በሙሉ ቁጥር ይገባል። የማጣራት አቅም ብሎ የሚያቀርበውም ሰንጠረዥ ተመሳሳይ ጉድለት አለበት። አዲስ አበባ የሚገኘው የቃሊቲ ጣቢያ ሲስፋፋ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተነድፏል፤ ይህ የንድፍ ቁጥር ነው፣ በአንድ ቀን የገባውን ፍሳሽ ከጣቢያው መለኪያ ነው የሚያገኙት። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የዬልና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የአካባቢ አፈጻጸም ደረጃ ወደ መስመር ከገባው ፍሳሽ የተጣራውን ድርሻ በተገናኘው ሕዝብ ድርሻ አባዝቶ ነው ያሰላው፤ ያ አንድ እርምጃ ይሻላል።

ዛሬ ለማወዳደር የሚቀርበው የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግብ አመልካች 6.3.1 ነው። በዚህ አቆጣጠር በ2022 እ.ኤ.አ. ከዓለም የቤት ፍሳሽ 58 በመቶ ያህሉ በአስተማማኝ ሁኔታ ተጣርቷል። የፋብሪካ ፍሳሽን የሚለካው ክፍል ግን ገና ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ቁጥር የሚልኩት አገሮች ጥቂት ናቸው። ለእኛ አገር ሌላም መያዝ ያለበት ነገር አለ። አብዛኛው ቤት ከመስመር ጋር አይገናኝም፤ ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ነው ያለው። በመስመር ብቻ የሚለካ ሰንጠረዥ በደንብ የተቆፈረና የተከደነ ጉድጓድን ከሜዳ መጸዳዳት ጋር እኩል ዜሮ ይሰጠዋል። አመልካች 6.2.1 ግን የአንድ ቤተሰብ ብቻ የሆነውን፣ ሰገራው እዚያው በደህና የሚቀበርበትን መጸዳጃ በአስተማማኝ ሁኔታ የተያዘ ብሎ ይቆጥረዋል። ጽሑፍዎ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ።

«ደረጃውን አሟልቷል» የሚለውም ከአገር አገር ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት የ1991 መመሪያ ለቢ.ኦ.ዲ. (ባክቴሪያ በውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲበላ የሚጨርሰው የኦክስጅን መጠን) 25 ሚሊ ግራም በሊትር ወይም ከ70 እስከ 90 በመቶ ቅነሳ ይላል፤ አንዱን ማሟላት ይበቃል። አሜሪካ የ30 ቀን አማካይ 30 ሚሊ ግራም በሊትር እና 85 በመቶ ቅነሳ ትጠይቃለች፤ ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ምርመራውም አንድ አይደለም። ሕንድ ናሙናውን በ27 ዲግሪ 3 ቀን ታቆያለች፣ ስዊድን በ20 ዲግሪ 7 ቀን ስታቆይ ኖራለች፣ ሌላው ብዙው ዓለም በ20 ዲግሪ 5 ቀን ነው። የ7 ቀኑ ከ5 ቀኑ በግምት 15 በመቶ ይበልጣል። በዓምዱ ራስ ላይ «ቢ.ኦ.ዲ.» ብቻ ተጽፎ ካገኙ ስንት ቀንና በስንት ዲግሪ እንደሆነ ሳያጣሩ አይደምሩ።

በሚሊ ግራም በሊትር ብቻ ማወዳደር ደግሞ ውሃ ቆጣቢውን ሕዝብ ይበድላል። አንድ ሰው በቀን 40 ግራም ቢ.ኦ.ዲ. በ48 ሊትር ፍሳሽ ቢለቅ ገቢው ፍሳሽ 830 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ ይሆናል፤ 85 በመቶ ተቀንሶም የሚወጣው 125 ነው። ብዙ ውሃ በሚፈስበትና የዝናብ ውሃ መስመሩ ውስጥ በሚገባበት አገር ገቢው 200 ቢሆን በዚያው 85 በመቶ 30 ይወጣል። በሚሊ ግራም ብቻ ካየነው የመጀመሪያው ወንጀለኛ ይመስላል። በቀን በአንድ ሰው ስንት ግራም ወንዝ ገባ ብለን ስናሰላ ግን የመጀመሪያው 6 ግራም ነው፤ ሁለተኛው፣ በአንድ ሰው 250 ሊትር የሚፈስ ከሆነ፣ 7.5 ግራም። ስለዚህ ዋናው የማወዳደሪያ ዓምድዎ ግራም በሰው በቀን ይሁን።

ጥያቄ፦ «የሕዝብ አቻ» የሚባለው መለኪያ ምንድን ነው? (ከጅሬን)

መልስ፦ የአንድ ሰው የቀን ብክለት ነው፤ በአውሮፓ ሕግ 60 ግራም ቢ.ኦ.ዲ. ተብሎ ተወስኗል። ቄራ ወይም ቢራ ፋብሪካ በቀን 120 ኪሎ ግራም ቢ.ኦ.ዲ. ቢለቅ የ2,000 ሰው አቻ ነው ይባላል። በእኛ አገር አንድ ሰው የሚለቀው ከዚያ ያነሰ ስለሆነ የአውሮፓን ቁጥር ለጅማ ሲጠቀሙ ሰው ቆጥረው እንዳይሳሳቱ።

ጥያቄ፦ በአንድ ተቋም ውስጥ ያለ አነስተኛ የፍሳሽ ማጣሪያ ላይ ጥገና እሠራለሁ። በወር አንድ ጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ ጠርሙስ ቀድተን እንልካለን። ቢ.ኦ.ዲ. አንዴ 18፣ አንዴ 95 ይመጣል። ማጣሪያው ላይ የነካነው ነገር የለም። ላቦራቶሪው ነው የሚሳሳተው? (ከቦሳ አዲስ)

መልስ፦ ላቦራቶሪውን ከመጠርጠር በፊት ጠርሙሱን እንመልከት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያለው ፍሳሽ የቀኑን አይወክልም፤ በገበያ ቀን አንዲት ሰዓት ላይ ሰው ቆጥሮ የሳምንቱን ገበያ እንደመናገር ነው። ወጥ ቤቱ ሲታጠብ፣ ልብስ ሲታጠብ፣ ሌሊት ጸጥ ሲል የሚወጣው የተለያየ ነው። የአውሮፓው መመሪያ ናሙናው የ24 ሰዓት ድምር እንዲሆን የሚያስገድደው ለዚህ ነው። ከ10,000 እስከ 49,999 የሕዝብ አቻ ላለው ጣቢያ በዓመት 12 ናሙና ይጠይቃል፤ ከ12ቱ 2 ቢወድቁ ይታለፋል፣ 3 ከሆኑ ጣቢያው ወደቀ።

በእጅ እንዲህ ይሠራል። 24 ንጹሕ ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ፣ በረዶ ያለበት ሳጥንና የፍሰት መለኪያ ያዘጋጁ። በየሰዓቱ አንድ ጠርሙስ ይቅዱ፤ ውሃው ከሚገላበጥበት ቦታ፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቅባትና ከታች ያለውን ዝቃጭ ሳይነኩ። ወዲያው በረዶ ውስጥ ይግባ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ በጨለማ ይቆይ። በዚያው ደቂቃ ፍሰቱን ይመዝግቡ። በማግስቱ ከየጠርሙሱ እንደ ፍሰቱ መጠን ወስደው 2 ሊትር ያዋህዳሉ። የቀኑ ድምር 72 ሜትር ኩብ፣ የጠዋት 1 ሰዓቱ ፍሰት 6 ሜትር ኩብ ከሆነ፣ 2,000 ሲባዛ በ6 ሲካፈል ለ72፣ ከዚያ ጠርሙስ 167 ሚሊ ሊትር ይገባል። 1 ሜትር ኩብ ብቻ ከፈሰሰበት የሌሊት ሰዓት 28 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከመቅዳትዎ በፊት እያንዳንዱን ጠርሙስ በደንብ ይነቅንቁ፤ ዝቃጩ ከሥር ከቀረ ውጤቱ በሐሰት ያምራል። 24 ሰዓት የሚቆም ሰው ከሌለ በየ3 ሰዓቱ 8 ጠርሙስም ከአንዱ በእጅጉ ይሻላል።

የፍሰት መለኪያ ከሌለዎት ዊር የሚባለውን፣ በ«ቪ» ቅርጽ 90 ዲግሪ የተቆረጠ ብረት፣ መውጫ ቦዩ ላይ ያስበይዱ። ከማዕዘኑ ጫፍ በላይ ያለውን የውሃ ከፍታ በሜትር ለክተው ወደ 2.5 ኃይል ያንሱና በ1.38 ያባዙት፤ የሚያገኙት ሜትር ኩብ በሰከንድ ነው። ከፍታው 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 4.4 ሊትር በሰከንድ፣ 11 ከሆነ 5.5 ነው። አንዲት ሳንቲ ሜትር ስህተት 27 በመቶ ታዛባለች ማለት ነው። ማስመሪያውን ብረቱ ላይ አይለጥፉ፤ ውሃው ሊወድቅ ሲል ዝቅ ይላልና ከብረቱ ወደ ኋላ ቢያንስ የከፍታውን 4 እጥፍ ርቀው ይትከሉት። ማዕዘኑ ላይ የተጠመጠመ ጨርቅና የረጋ ቅባት ውሃውን ወደ ላይ ስለሚገፋ በየዕለቱ ይጠረግ።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው። ቢ.ኦ.ዲ. 5 ቀን ስለሚፈልግ ሰኞ የተጀመረው ቅዳሜ፣ ማክሰኞ የተጀመረው እሁድ ይነበባል። ቅዳሜና እሁድ የሚገባ ሰው ከሌለ 5 ቀኑ 6 ወይም 7 ይሆናል። ሮብ፣ ሐሙስ ወይም ዓርብ ይላኩ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሮብ ይነበባሉ። የመብራት መቋረጥም አለ። ኢንኩቤተሩ (ጠርሙሶቹ በእኩል ሙቀት የሚቆዩበት ሳጥን) 20 ዲግሪ ላይ ካልቆየ ጠርሙሱ ከክፍሉ ጋር ይሞቃል። 5ቱንም ቀን 27 ዲግሪ ላይ ቢቆይ ውጤቱ 16 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ኢንኩቤተሩ ውስጥ ከፍተኛና ዝቅተኛውን የሚይዝ ቴርሞሜትር ይቀመጥ፣ ንባቡም ከውጤቱ ጋር አብሮ ይጻፍ።

የጅማ ከፍታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆንን በ20 ዲግሪ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን 7.4 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ ነው፤ በባሕር ዳርቻ አገር 9.1 ነው። ምርመራው ትክክል የሚሆነው በውሃ ቀጥኖ ጠርሙስ ውስጥ ከተቀመጠው ናሙና ቢያንስ 2 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲቀንስና በመጨረሻው ቢያንስ 1 ሲተርፍ ነው። ስለዚህ እኛ የምንሠራበት ክልል ጠባብ ነው፤ ከውጭ መጽሐፍ የተገለበጠ የማቅጠኛ ሰንጠረዥ ብንጠቀም ጠርሙሱ ውስጥ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ውጤቱም ከእውነቱ ያንሳል። ሁልጊዜ ሦስት ዓይነት ቅጥነት ይሥሩ። የኦክስጅን መለኪያውም በቦታው እውነተኛ የአየር ግፊት ይስተካከል፤ የአየር ትንበያ የሚናገረው ግፊት ወደ ባሕር ወለል የተመለሰ ስለሆነ አያገለግልም።

ላቦራቶሪውን ለመፈተን ሁለት ነገር ይጠይቁ። ግሉኮስና ግሉታሚክ አሲድ እያንዳንዳቸው 150 ሚሊ ግራም በሊትር ያለበት መፍትሔ 198 ቢ.ኦ.ዲ. መስጠት አለበት፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 30.5 ቢለይ ያልፋል። ናሙና የሌለበት የማቅጠኛ ውሃ ደግሞ በ5 ቀን ከ0.2 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን መቀነስ የለበትም። ሁለቱ ደህና ሆነው ውጤቱ አሁንም ከዘለለ አሞኒያን ይጠርጥሩ። በከፊል የተጣራ ፍሳሽ ውስጥ አሞኒያ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ገብተው ኦክስጅን ሲጨርሱ ቢ.ኦ.ዲ. ከፍ ብሎ ይታያል። የአውሮፓው ደረጃ ያለ እነሱ የሚለካ ነውና አሊልታዮዩሪያ የሚባለው ማገጃ ይጨመር።

ጥያቄ፦ ማና ወረዳ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለን። የፍሳሻችን ቢ.ኦ.ዲ. 120፣ ሲ.ኦ.ዲ. ግን 9,000 ሆኖ መጣ። ቢ.ኦ.ዲ. ዝቅተኛ ስለሆነ ችግር የለብንም ብለን እንያዘው?

መልስ፦ አይያዙት። ሲ.ኦ.ዲ. ቆሻሻውን በባክቴሪያ ሳይሆን በኬሚካል ለማቃጠል የሚያስፈልገው የኦክስጅን መጠን ነው። የቡና ማጠቢያ ውሃ ስኳርና ፔክቲን ነው፣ ባክቴሪያ በቀላሉ ይበላዋል። ስለዚህ ቢ.ኦ.ዲ.ው የሲ.ኦ.ዲ.ው ግማሽ አካባቢ መሆን ሲገባው 120 ለ9,000 ማለት 1.3 በመቶ ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ባክቴሪያው አልሠራም ማለት ነው። ምክንያቱ አሲዱ ነው። ውሃው ከቦካ በኋላ ፒ.ኤች. (የአሲድነት መለኪያ፣ ሲያንስ አሲዱ በርትቷል) 4 አካባቢ ይወርዳል፤ እንዲያ እንዳለ ጠርሙስ ከገባ ባክቴሪያው ይተኛል። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 7 ይመለስ፣ ከቤት ፍሳሽ የተወሰደ ዘር ባክቴሪያ ይጨመርበት። ይህንን ለማረጋገጥ ቀላል ምልክት አለ፤ ይበልጥ የቀጠነው ጠርሙስ ከፍ ያለ ቢ.ኦ.ዲ. ከሰጠ የሚያግድ ነገር አለ።

ቅጥነቱም እጅግ መሆን አለበት። 5,000 ለሚጠበቅ ቢ.ኦ.ዲ. ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው 0.24 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ያን ያህል ጠብታ በትክክል መቅዳት ስለማይቻል መጀመሪያ 10 ሚሊ ሊትሩን ወደ 1 ሊትር አቅጥነው ከዚያ 24 ሚሊ ሊትር ይውሰዱ።

መጠኑን ለማየት፣ በቀን 50 ሜትር ኩብ በ4,000 ሚሊ ግራም ቢለቀቅ 200 ኪሎ ግራም ቢ.ኦ.ዲ. ነው፤ በአውሮፓ ስሌት የ3,300 ሰው አቻ፣ ያውም ወደ አንድ ጅረት። የዓመት አማካይ ደግሞ ይህን ይሰውረዋል። ቡናው የሚታጠብበትን ጊዜ ከሌሎቹ ወራት ጋር ስናማክል ጅረቱ ደህና ይመስላል፤ ዓሣው ግን የሞተው በኅዳር ነው። ስለዚህ በመልቀሚያው ወቅት በየሳምንቱ ይለኩ። ኖራ ከመጨመርዎ በፊት ውሃውን ጉድጓድ ውስጥ ያቆዩት፤ አሲዱ ሲጨምር ፔክቲኑ ረግቶ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ያን ገፈው ካወጡ በኋላ የሚያስፈልገው ሥራ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ አዌቱ ወንዝ ዳር ሰላጣና ካሮት አለማለሁ። ከላይ ያለው ማጣሪያ 90 በመቶ ጀርም ይገድላል ተብሎ ነግረውኛል። ላጠጣበት?

መልስ፦ ለጥሬ የሚበላ አትክልት አይበቃም። ጥሬ ፍሳሽ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊዮን ያህል የሰገራ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል፤ 90 በመቶው ቢሞት 1 ሚሊዮን ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. ለጥሬ አትክልት ያስቀመጠው 1,000 ነው፤ እዚያ ለመድረስ 99.99 በመቶ መሞት አለበት። የወስፋትና የመሰል ትሎች እንቁላልም በ1 ሊትር ከ1 መብለጥ የለበትም። ካሮት አፈር ውስጥ ስለሚያድግ ከሰላጣም ይብሳል። ሌላ ውሃ እስኪያገኙ በቦይ ሥሩን ያጠጡ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይርጩ፤ ከመሰብሰብዎ በፊት ጥቂት ቀን ማጠጣት ያቁሙ፣ ፀሐዩ ብዙ ይገድላል። የሚቻል ከሆነ መሬቱን ለበቆሎ ወይም ለከብት መኖ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ ነው። ቱቦ ሳይኖር የከተማ አፈጻጸም በምን ይለካል? (ከሄርማታ)

መልስ፦ በፍሳሽ ማንሻ መኪናው መዝገብ ነው። ጉድጓድ ውስጥ አንድ ሰው በዓመት ከ40 እስከ 60 ሊትር ዝቃጭ ያከማቻል ተብሎ ይገመታል። ጉድጓዳቸው በመኪና የሚነሳ 100,000 ሰዎች ቢኖሩ በ50 ሊትር ሒሳብ በዓመት 5,000 ሜትር ኩብ ነው፤ 8 ሜትር ኩብ በምትይዝ መኪና 625 ጉዞ። ማራገፊያው በር ላይ የተመዘገበው 250 ከሆነ 375 ጉዞ ሌላ ቦታ ተደፍቷል፣ ወይም ጉድጓዱ በክረምት ወደ ጎርፍ ተለቋል። መዝገቡ ቢያንስ አራት ነገር ይያዝ፦ የተነሳበት ቀበሌ፣ ጉድጓድ ይሁን ታንክ፣ መኪናው ስንት እንደያዘ በመለኪያ መስታወቱ፣ የተራገፈበት ሰዓት። ክፍያው ከቤቱ ሲነሳ በሙሉ ከተከፈለ ሹፌሩ ማራገፊያው ድረስ የሚሄድበት ምክንያት ያጣል፤ የክፍያው የተወሰነ ክፍል በማራገፊያው ደረሰኝ ቢለቀቅ መዝገቡ ራሱን ይጠብቃል።

የሚራገፈው ማድረቂያ መደብ ላይ ከሆነ አንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ከዚያ ከወፈረ ላዩ ይደርቅና ታቹ ጭቃ ሆኖ ይቀራል፣ አሸዋውም ይደፈናል። በመደቡ 1 ካሬ ሜትር በዓመት ከ100 እስከ 200 ኪሎ ግራም ደረቅ ዝቃጭ ነው የሚጫነው፤ ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ስለምታገኝ ጣሪያ ለሌለው መደብ ዝቅተኛውን ቁጥር ይያዙ። ደረቁ ሲነሳ አሸዋም አብሮ ስለሚሄድ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ውፍረቱ በዘንግ ይለካና የጎደለው ይሞላ።